የሆራ ሎኒ ጨው

ወሰንየለሽ ከምንጩ አፍ በእፍኟ የቀዳችውን ውሃ አፏ ውስጥ ይዛ ቆየች፤ ልትውጠውም ልትተፋውም አልቻለችም። ሆራ፣ ከብት የሚወደው ማዕድን ያለበት የምንጭ ውሃ፣ ምላስ ይነክሳል። መጀመሪያ ወጋ ወጋ ያደርግና ቀጥሎ ብረት ብረት የሚል ጣዕም ጉሮሮ ላይ ጥሎ ይወርዳል። እንጭኒ ተወልዳ፣ ከብት ሆራ ሲወርድ እያየች ላደገች ሴት ይህን ማንም አያስተምራትም። አፏ ውስጥ ያለው ውሃ ግን አልነከሳትም። ጨው ጨው አላት እንጂ፤ ያውም ከሱቅ የሚገዛው፣ ወጥ ውስጥ የሚጨመረው ጨው።

ተፍታው ቀና ስትል ኦቦ ጉደታ አጠገቧ ቆመው ሰማዩን ያያሉ። የመጋቢት ሰማይ ነው፤ የሚታይ ደመና የለበትም። ኦቦ ጉደታ የሆራ ሎኒ ጠባቂ ናቸው፤ የትኛው ጎጥ በየትኛው ቀን ከብቱን ወደ ሆራው እንደሚያወርድ የሚደለድሉት፣ ገንዳዎቹን የሚያስጠርጉት፣ በተራ የተጣላ ቢኖር የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀልድ የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው። ዛሬ ግን እሷ ከመኪና ከወረደች ጀምሮ አንድም ቀልድ አልወጣቸውም።

ጎንበስ አለችና ውሃው ከሚወጣበት ስንጥቅ ስር አንዱን ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈነቀለች። የማዳበሪያ ጆንያ ጫፍ ብቅ አለ።

«ኦቦ ጉደታ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ድንጋይ ነው።»

«ከድንጋዩ ስር ያለውን ነው የምጠይቅዎት።»

«እሱማ ጆንያ ነው» አሉ፤ ምንጭ አፍ ላይ ጆንያ መገኘቱ የቆየ ደንብ ይመስል።

ከዳገቱ በላይ የአስተማሪዋ የዶክተር ጥሩሰው ድምፅ ይሰማል። የሙከራው ጉድጓድ የሲሚንቶ ክዳን ላይ ተቀምጠው፣ ለሾፌሩ ለሶፎንያስ መቶ ጊዜ የነገሩትን ነገር እንደ አዲስ ይነግሩታል። በክረምት ወንዙ ሞልቶ ጭቃውን ተሸክሞ ለማንም ሳይጠቅም ይሄዳል። ያንን ውሃ በአሸዋ አጣርቶ ወደ ጉድጓድ ቢያወርዱት፣ ከታች ያለው የተሰነጣጠቀ ድንጋይ ጠጥቶ ያስቀምጠዋል፤ ፀሐይ አይነካው፣ አይተንን፣ አይሸት። በጋ ሲመጣ ደግሞ ስቦ ማውጣት ነው። «ምድር ጎተራ ናት እኮ፣ ሶፎንያስ!» ይላሉ። ሶፎንያስ «እውነት ነው ዶክተር» ይላል። መቶኛውን ጊዜም ቢሆን እንዲያ ብሎ መመለሱ የመልካም ልቡ ነው።

ሐሳቡ የዶክተር ጥሩሰው የዕድሜ ልክ ሐሳብ ነው። አምቦ ላይ፣ በተለይ ከላይኞቹ ሰፈሮች፣ ቧንቧ በበጋ እንደ ዘመድ ነው፤ ሲመጣ ሰው ሥራ ፈትቶ ይቀበለዋል። ዶክተሩ እነዚያን ሰፈሮች በየዓመቱ በጀሪካን ሰልፍ ሲያዩ ኖረዋል። ሲያስተምሩም ሲጽፉም የሚያወሩት ይህንኑ ነበር። ባለፈው ክረምት ብዙ ደጅ ከተጠና በኋላ ከሆራ ሎኒ ዳገት ላይ አንድ የሙከራ ጉድጓድ ተፈቀደላቸውና ውሃውን አወረዱት። ድንጋዩ ሳያንገራግር ጠጣ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ በአምቦ አዳራሽ፣ የቀሩት ጉድጓዶች ይቆፈሩ ወይስ አይቆፈሩ የሚለው ይወሰናል። ዶክተሩ ሰኔ ላይ ጡረታ ይወጣሉ። ዛሬ ካልሆነ መቼም አይሆንም ብለው ያምናሉ።

ውሳኔው የተንጠለጠለው በወሰንየለሽ ላይ ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማውን የምትሠራው እሷ ናት፤ ቆማ «አልፏል» ካለች ያልፋል፣ «አላለፈም» ካለች ይቀራል። ጉዳዩ ሲመራላት ሌላ ባለሙያ ይመደብ ብላ ነበር። ሌላ ባለሙያ የለም ተባለች።

ሌላ ሰው ይመደብ ያለችው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዶክተር ጥሩሰው አስተማሪዋ ብቻ አይደሉም። አባቷ የሞቱት ዩኒቨርሲቲ እያለች ነበር። ያን ጊዜ እንጭኒ ድረስ መጥተው፣ ድንኳኑ እስኪነቀል ድረስ ከለቀስተኛው ጋር የተቀመጡ አንድ መምህር ቢኖሩ እሳቸው ናቸው። ስታገባም በአባቷ ቦታ የቆሙት እሳቸው ናቸው። መርቁ ቢባሉ ስለ ከርሰ ምድር ውሃ መናገር ጀምረው ሠርገኛውን በረሃብ ሊፈጁት ነበር፤ ባሏ እስከ ዛሬ ይስቅበታል። ቤት ውስጥ «ጋሼ» ነው የምትላቸው። ስትወዳቸው ልክ የለውም፤ ይህን ከራሷም ደብቃ አታውቅም።

ግምገማው ላይ ትልቁ ጥያቄ አንድ ነበር። ከላይ የሚወርደው ጨው አልባ ውሃ ከታች ካለው ሆራ ጋር ይገናኛል ወይ? ዶክተሩ አይገናኝም ይላሉ፤ በመሃል ውሃ የማያሳልፍ ድንጋይ አለ። ደግሞም በመጡ ቁጥር የጨው መለኪያቸውን ምንጩ ውስጥ ነክረዋል፤ ቁጥሩ ከሙከራው በፊት እንደነበረው ነው። ከብቶቹም ዐይናቸው እያየ እስኪጠግቡ ጠጥተዋል። ወሰንየለሽም «በሆራው ላይ የታየ ለውጥ የለም» ብላ ደስ እያላት ጽፋለች። ዛሬ የመጣችው ለመጨረሻ ጊዜ አይታ ልትመለስ ነበር። ለምን እንደቀመሰችው እሷም አታውቅም፤ ውሃው ዐይኗ ስር ሲፈስ የልጅነቷ አምሮት መጥቶባት ይሆናል።

«መቼ ነው የጀመራችሁት?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ኦቦ ጉደታ ሰማዩን ተዉት። ቆባቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ከመስቀል ወዲህ ነው። ክረምቱ አልፎ ከብቱን መጀመሪያ ስናወርድ ላሞቹ አሸተቱና ዞሩ። ብንገፋቸውም እምቢ አሉ። ሆራው አኩርፏል አልን። አንዳንድ ዓመት ያኮርፋል እኮ፤ ዝናብ ሲበዛበት ትንሽ ያኮርፍና ይመለሳል። ችግሩ በማግስቱ ዶክተሩ ሊመጣ ነው።»

«እና?»

«እናማ ከብቱ እሱ ፊት አፍንጫውን ሲያዞር እንዴት ብለን እንየው?» አሉ። «ማሎ፣ እባክሽ፣ አንቺ ብትሆኚ ታይዋለሽ? ሚስቴ ቦጋለች ታማ ድልድዩ ሲሰበር፣ በዚያ ጭቃ መኪናውን ይዞ የመጣ እሱ ነው። እሷን ተሸክሞ ሐኪም ቤት አግብቶ በሩ ላይ ተቀምጦ ያደረ እሱ ነው። መጀመሪያ ጨው ያመጣችው ራሷ ቦጋለች ናት። ጉያዋ ውስጥ ሸጉጣ አምጥታ ምንጩ ውስጥ ጨመረች። በኋላ ከየቤቱ መጣ። እሱ ሲመጣ እንጨምራለን። ሲሄድ እንተዋለን።»

ከዳገቱ በላይ የዶክተሩ ሳቅ ተሰማ። ሁለቱም ወደዚያ አዩና መልሰው ተያዩ።

«እሱ በማይመጣበት ቀንስ ከብቶቹ ምን ይጠጣሉ?»

«ጉደር ማዶ ወዳለው ሆራ እንነዳቸዋለን።» ኦቦ ጉደታ ቆባቸውን አዟዟሩት። «ሩቅ ነው። ጥጆቹ መንገድ ላይ ይተኛሉ። ግን ምን ይደረግ፤ ሆራው ዛሬ ነገ ይመለሳል እያልን ነው።»

ወሰንየለሽ ድንጋዩን ወደ ቦታው መለሰችው። ለምን እንደመለሰችው ቆይቶ ገባት። እሷም መደበቋ ነበር። የዶክተሩ መለኪያ ለምን ደህና ነኝ ይል እንደነበረ አሁን ግልጽ ሆነላት፤ መሣሪያው ጨው መኖሩን እንጂ ጨው ከየት እንደመጣ አያውቅም። ሙሉ ምርመራ የሚያደርገው የአዲስ አበባው ላቦራቶሪ ደግሞ የላኩለትን ውሃ ተቀብሎ ወረፋ ላይ ካስቀመጠው ስንት ጊዜው።

«ኢንተላ ኮ» አሉ ኦቦ ጉደታ፤ ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው። «እንዳትነግሪው። አንቺም እኮ ልጁ ነሽ። ትነግሪዋለሽ?»

በዚህ መሃል ከብቶቹ ደረሱ። የሆራ ሎኒ ሰዎች ከብት ወደ ሆራ ሲያወርዱ እየዘፈኑ ነው፤ ላሚቱን በስሟ እየጠሩ፣ ወተቷን እያመሰገኑ፣ ጠጪልን እያሉ። ዘፈኑ እንደ ሌላው ጊዜ ሁሉ ያምር ነበር። ላሞቹ ገንዳው ላይ ተደርድረው አፍንጫቸውን ነከሩና ጠጡ። ዶክተር ጥሩሰው ዳገቱን በሩጫ ሊወርዱ ትንሽ ቀራቸው። ሱሪያቸው በእሾህ ተይዞ፣ ኮፍያቸው ወደ ኋላ ተንሸራቶ፣ ፊታቸው በርቶ መጡ።

«አየሽ ወሰኔ? አየሽ ሲጠጡ? ዳማዋን እያት እስቲ!»

«አየሁ ጋሼ» አለች።

ኦቦ ጉደታ ለዶክተሩ እጃቸውን ዘርግተው፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳስመው፣ ስለ ቤታቸው ስለ ጤናቸው እየጠያየቁ በገንዳው ዙሪያ አዞሯቸው። ሰዎቹ ሁሉ ዶክተሩን ሲያዩ ፊታቸው ይፈታል። ቦጋለች ከቤቷ በጣሳ እርጎ ይዛ መጥታ፣ ጾም መሆኑ ትዝ ሲላት ራሷን በእጇ መታች። ዶክተሩ ሳቁ፣ ሁሉም ሳቀ። ወሰንየለሽም ሳቀች። እነዚህ ሁሉ ሰዎች አንድን ሰው ላለማሳዘን ብለው ግማሽ ዓመት ጥጆቻቸውን ሩቅ መንገድ ነድተዋል። ይሉኝታ ሰውን እንዲህ ያደርገዋል። አሁን ተራው የእሷ ነው፤ አንድ ቃል ትናገርና የዚህን ሰው የዕድሜ ልክ ሐሳብ በእጇ ታፈርሰዋለች፣ ወይም አፏን ትዘጋና ሆራው ለዘለዓለም ይሞታል። ከስምንትና ከዘጠኝ ጉድጓድ ውሃ ከወረደ በኋላ በጆንያ ጨው የሚመለስ ሆራ የለም።

ወደ አምቦ ሲመለሱ ዶክተሩ ከፊት ተቀምጠው መስኮቱን ከፍተው መንገዱን ሙሉ ሲያወሩ መጡ። ጡረታ ከወጡ በኋላም አምቦን እንደማይለቁ፣ ከላይኛው ሰፈር አንድ ትንሽ ቤት ተከራይተው እንደሚቀመጡ ነገሯት። የቧንቧው ውሃ በየካቲት ሲመጣ ድምፁን መስማት ይፈልጋሉ። «ሌላ ምንም አልፈልግም» አሉ። «ቧንቧው መጀመሪያ አየር ያስነጥሳል አይደል? ከዚያ ውሃው ይመጣል። እሱን ብቻ ልስማ።» ወሰንየለሽ ከኋላ ሆና የአንገታቸውን ሽበት ታይ ነበር። ሁለት ጊዜ አፏን ከፈተች። ሁለቱንም ጊዜ ሶፎንያስን «ቀስ ብለህ ንዳ» አለችው፤ ሶፎንያስ ከዚያ በላይ ቀስ ቢል መኪናው ይቆም ነበር።

ምሳ ሁልጊዜ የሚበሉበት አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት አለች። ሶፎንያስ መኪናውን ሊያሳጥብ ሄደና ሁለቱ ብቻ ተቀመጡ። ዶክተሩ ጿሚ ናቸው። እሷ ፕሮቴስታንት ናት፣ የዐቢይ ጾም አይመለከታትም፤ ቢሆንም ከእሳቸው ጋር ስትሆን እሳቸው ያዘዙትን ነው የምትበላው። ሽሮ መጣ። ዶክተሩ አንድ ጉርሻ ቀመሱና አስተናጋጇን ጠሩ።

«እህቴ፣ ጨው ረስታችኋል መሰለኝ።»

ልጅቷ ጨው በትንሽ ሰሃን አምጥታ በመካከላቸው አስቀመጠችው።

ወሰንየለሽ ሰሃኑን አየችው። ከዚህ በላይ መሸከም አልቻለችም። ከጠረጴዛው ላይ ያለውን ጆግ አንስታ ብርጭቆ ውስጥ ውሃ ቀዳች። ከሰሃኑ በሁለት ጣቷ ጨው ቆንጥራ ጨመረችበት፣ በማንኪያ አማሰለችው፣ ወደ እሳቸው አስጠጋችው።

«ይቅመሱት፣ ዶክተር።»

ምሳ ላይ «ዶክተር» ብላቸው አታውቅም። ዶክተሩም ሰሙት። ግራ እየገባቸው ብርጭቆውን አንስተው ተጎነጩና ፊታቸውን አኮማተሩ።

«ምነው? ተቅማጥ ይዞኛል አልኩሽ እንዴ?»

«ከብቶቹ ዛሬ የጠጡት ይሄንን ነው።»

ዶክተር ጥሩሰው ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀረ። ቀልድ መሆኑን የምትነግራቸው መስሏቸው ጠበቁ። ከዚያ ቀስ ብለው ከቦርሳቸው መለኪያውን አወጡና ብርጭቆው ውስጥ ነከሩት። መሣሪያው እንደ ወትሮው ቁጥሩን ሰጣቸው፤ ይህ ሆራ ነው ወይስ የምግብ ቤት ውሃ ብሎ አልጠየቃቸውም። ቁጥሩን አዩና ቀና አሉ።

«ማን ነው?»

«ሁሉም። ከየቤቱ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመስቀል ወዲህ። እርስዎ በሚመጡበት ቀን ብቻ።»

«ለምን?»

መንገድ ላይ ብዙ መልስ አዘጋጅታ ነበር። ስለ ድንጋዩ ስንጥቅ፣ ስለ ውሃው መገናኘት፣ ስለ ላቦራቶሪው መዘግየት። ሁሉንም ተወችው።

«ስለሚወዱዎት ነው» አለች።

ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው በወረቀት ማበሻ ይጠርጉት ጀመር። መስታወቱ ከጠራ በኋላም አላቆሙም። ሽሮው ቀዘቀዘ። ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ያሉ ወጣቶች ስለ ኳስ ይጯጯሁ ነበር፤ አንዱ ተነስቶ ወንበር ለመውሰድ «ይቻላል አባባ?» ቢላቸው አልሰሙትም። ወሰንየለሽ ራሷን ነቀነቀችለት፣ ወሰደው።

«ቢጠሉኝ ኖሮ» አሉ በመጨረሻ፣ «ጥቅምት ላይ አውቀው ነበር።»

ትንሽ ቆይተው ሳቁ። ያ ሳቅ መሃሉ ላይ ተሰበረና መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ወሰንየለሽ ከጠረጴዛው በላይ እጇን ዘርግታ ክንዳቸውን ያዘች። እሷም እያለቀሰች ነበር፤ ግድም አልሰጣት። የሚያልፍ የሚያገድም ሰው አባትና ልጅ ተጣልተው የታረቁ ነው የሚመስለው።

«አንቺስ?» አሉ ዶክተሩ። «አንቺም ጨው ይዘሽልኝ ነበር?»

«እስከ አሁን ድረስ ይዤ ነበር።»

ዶክተሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ብርጭቆውን አንስተው የቀረውን ጨዋማ ውሃ ጆጉ አጠገብ ወዳለው ባዶ ሰሃን ደፉት። «እንግዲያው አዳራሽ እንሂድ» አሉ። «የምትዪውን እኔ ሳልሆን አንቺ ነሽ የምታውቂው። አዝነሽልኝ አንዲት ቃል እንዳትቀንሺ። አስተምሬሽ ዛሬ ብታሳፍሪኝ አልምርሽም።»

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከፊት ለፊት በቀኝ በኩል የላይኛው ሰፈር ሰዎች ተቀምጠዋል። ከእነሱ መሃል ወይዘሮ ጊፍቲ አለች፤ የሻይ ቤቷን ውሃ በየቀኑ ከታች ሰፈር በጋሪ የምታስመጣ፣ ስብሰባ ላይ ባትጠራም የምትናገር ሴት። በግራ በኩል የሆራ ሎኒ ሰዎች በጭነት መኪና መጥተው በአንድ ላይ ተቀምጠዋል። ኦቦ ጉደታ ወሰንየለሽ ስትገባ ዐይኗን ፈለጉ። አላሸሸቻቸውም፤ ግን ፈገግም አላለችም። ሽማግሌው ገባቸው መሰል ወደ መሬት አዩ።

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ስለ ልማት ጥቂት ተናግረው፣ የግምገማው ውጤት እንዲቀርብ ጠየቁ። ወሰንየለሽ ተነሳች። በጽሑፍ ያዘጋጀችው እጇ ላይ ነበር፤ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ግምገማው አላለፈም» አለች። «ከላይ የወረደው ውሃ ሆራ ሎኒ ደርሷል። ሆራው ጣዕሙን አጥቷል፤ ከብት አይጠጣውም። አንድ ክረምት ምንም ውሃ ሳይወርድበት ጉድጓዱ ይረፍ። ሆራው ይመለስ እንደሆነ እንይ። እስከዚያ ሌላ ጉድጓድ መቆፈር የለበትም።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ወይዘሮ ጊፍቲ ማንም ሳይፈቅድላት ተነሳች።

«እኛስ?» አለች። «ለላም ታዝኑና ለእኛ አታዝኑም? ልጆቼን በአንድ ጆግ ነው የማጥባቸው። ዘንድሮ አለፈላችሁ ብላችሁን ነበር እኮ፣ ዶክተር!»

ሰዎች አጨበጨቡላት። ጊፍቲ እውነቷን ነው። የሆራ ሎኒ ሰዎችም እውነታቸውን ነው። ሁለት እውነት በአንድ አዳራሽ ሲገናኙ የባለሙያ ቋንቋ ያጥራል።

ሰብሳቢው ደግሞ ወደ ወሰንየለሽ ዞሩ። «እስከ ዛሬ ድረስ ሆራው አልተለወጠም ስትሉን አልነበረም? መረጃው ሁሉ ደህና ነው ብላችሁ ነበር። ማን ነው ያሳሳተን?»

በግራ በኩል ወንበሮች ተንቋቁ። ቦጋለች ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። ኦቦ ጉደታ ሊነሱ ሲሉ ዶክተር ጥሩሰው ቀደሟቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ። «መሣሪያ ይዤ ሄድኩ፣ ቁጥር ይዤ ተመለስኩ። አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብዬ አልቀመስኩም። ደግሞም ያየሁት ማየት የምፈልገውን ነው። ከዚህ በቀር ማንም ማንንም አላሳሳተም።»

ከዚያ ወደ ጊፍቲ ዞሩ። ለሷ የሚሰጡት መልስ ቀላል እንዳልሆነ ያውቃሉ። «ወይዘሮ ጊፍቲ፣ ዘንድሮ አልሆነልኝም። ይቅርታ አድርጊልኝ። ድንጋዩ ውሃ ይይዛል፤ ቦታውን ነው የሳትኩት። ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ። ጡረታ የሚከለክለው ደሞዝ እንጂ መፈለግ አይደለም።»

ጊፍቲ ተቀመጠች። ተቆጥታ ነበር፤ ቁጣዋ ግን ዶክተሩን ከመስማት አላገዳትም። «ጀሪካኑ እንግዲህ ይጠብቃል» ስትል አጠገቧ ያሉ ሰሟት።

ዶክተር ጥሩሰው ወደ ግራ ዞሩ። የሆራ ሎኒን ሰዎች አንድ በአንድ አዩአቸው። «አከም ኦልተን» አሉ፤ ከሰዓት በኋላ የሚሰጥ ሰላምታ ነው። የኦሮምኛቸው ነገር ይታወቃል፤ ከሰላምታና ከላም ስም አያልፍም፤ አርባ ዓመት አምቦ ኖረው በዚህ የማያፍሩ እሳቸው ብቻ ናቸው። ሰዎቹም እንደ ወትሮው ፈገግ አሉ፣ መልሰውም ተከዙ።

«ኦቦ ጉደታ» አሉ ዶክተሩ፤ ድምፃቸው ትንሽ ተለወጠ። «ነገ ጠዋት እመጣለሁ። ከብቶቹን አውርዱልኝ። ምንም አታድርጉበት። እንዳለ ልየው። ሲዞሩ ልየው።»

ከቀኝ በኩል ያሉት ምን እንደተባለ አልገባቸውም፤ ከግራ ያሉት ሁሉ ገብቷቸዋል። ኦቦ ጉደታ ተነሱ። ቆባቸውን አውልቀው እንደ ጠዋቱ በሁለት እጃቸው ያዙት። ሲናገሩ ቃሉ በቤታቸው ቋንቋ ነው የወጣላቸው።

«ኮጳ ኬ ሂንዱፊን» አሉ። ብቻህን አትምጣ ማለታቸው ነበር።

ዶክተሩ ወደ ወሰንየለሽ ዞሩ። «ምን አሉ?»

ወሰንየለሽ ሽማግሌውን አየች፣ ቀጥሎ ዶክተሩን አየች።

«ከልጅህ ጋር ና ነው የሚሉት» አለች።

ኦቦ ጉደታ አማርኛ አሳምረው ያውቃሉ። አላረሟትም።